በይሉኝታ የፈረምኩት ወረቀት

ሰኞ፣ ማርች 3 ቀን 1997
ከሥራ ገባሁ። አምስት አቅመ ደካማ አዛውንት አጥቤ ወገቤ አልቋል። አረፍ ሳልል ቤቱን የሚያከራየን ድርጅት የላከው ልጅ አንኳኳ። ትሑት ነው፣ አንገቱን የደፋ... ሻይ አፈላሁለት፣ ሳምቡሳ አቀረብኩ። በልቶ፣ አመስግኖ ወረቀት አወጣ። «ሕንጻው ቢፈርስ እስማማለሁ» ይላል። ቤቴ የበላን እንግዳ እንዴት እምቢ ይሉታል? ፈረምኩለት። አንድ ፊርማ ምን ያመጣል?

ሐሙስ፣ ማርች 6
ጉድ ፈላ! ከታች ያሉት አቶ ጠዓመ፣ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ጠሩኝ። «ሙሂባ ልጄ፣ ከሃያ አራቱ ቤት አሥራ ሦስቱ እምቢ ካልን አይፈርስም። የሕንጻውን አስተዳደርም ድርጅቱ ለእኛው ለነዋሪዎቹ ይለቅልናል። አንቺ ጸሐፊ ሁኚልኝ።» እሺ አልኩ። ለሁሉም እሺ! ምነው ምላሴን በቆረጠው...

ቅዳሜ፣ ማርች 8
ከፈረሰ ከከተማው ውጭ፣ አልሜሬ ነው የሚልኩን አሉ። እንዳንመለስ እዚህ የሚሠራው አዲስ ቤት ኪራዩ አይቀመስም። ስድስት ዓመት ጠብቄ ያገኘሁት ይህ የኦስዶርፕ ሰፈር ቤቴ... ልጄ ጀናት የወረቀቱን ቅጂ አነበበችልኝ። እስከ ማርች 17 ድረስ ፊርማን መሰረዝ ይቻላል፤ ግን ሊቀመንበሩ መፈረም አለበት።
«ታዲያ ሂጂና ንገሪው፣ እማ!»
ንገሪው! አቶ ጠዓመን «ንገሪው»። እዚህ ሰው አገር የተወለደ ልጅ ይሉኝታን ከየት ያውቀዋል?

ረቡዕ፣ ማርች 12
አቶ ጠዓመን ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። «አንቺ ስላለሽ አልፈራም» አሉኝ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

እሑድ፣ ማርች 16
ስብሰባ በአቶ ጠዓመ ሳሎን። «እምቢ የሚል እጁን ያውጣ።» ሁሉም አወጣ፣ እኔም። ጸሐፊ ሆኜ ልዋሽ? ብድግ አልኩ።
«ይቅር በሉኝ፣ እኔ ፈርሜለታለሁ።»
ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሰናይት፣ «እኔም... ምሳ አብልቼው።» ጎረቤቷ ኸሚስም። አንድ፣ ሁለት እያልን አሥራ አራት ሆንን! አቶ ጠዓመ መነጽራቸውን አውልቀው መሬት መሬት አዩ። «መጀመሪያ የፈረምኩትስ እኔ ነኝ።» ሳቅሁም አለቀስኩም። እዚያው ቁጭ ብለን መሰረዣውን ሞላን፤ አቶ ጠዓመም ፈረሙበት።

ሰኞ፣ ማርች 17
የመጨረሻው ቀን። ከአቶ ጠዓመ ጋር አሥራ አምስት መሰረዣ ይዘን የድርጅቱ ቢሮ። እንግዳ ተቀባይዋ ሴትዮ ፈገግ ብላ፣ «ቁጭ በሉ፣ ቡና ላምጣላችሁ። አንድ ሳምንት ደግሞ ብታስቡበትስ?» አቶ ጠዓመ ወንበር ሳቡ። ወይኔ፣ እሺ ሊሉ ነው!
«አይ» አልኩ። «መጀመሪያ ማኅተሙን።»
ድምፁ የኔ ነው? አሥራ አምስቱም ላይ መታች። አይፈርስም! ከዚያ በኋላ ተቀመጥኩ።