የአስማረ ዲስክ

ኅዳር 12 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ መካነ ኢየሱስ

እማዬ ለአርባው የሟች ወንድሜን የአስማረን ፎቶ ፈለገች። ያለው በሱ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ኮምፒውተሬ ውስጥ ሁለተኛ አድርጌ ገጠምኩት። ማሽኑ ግን በከፈትኩት ቁጥር በኔው ዲስክ ላይ ባለው ዊንዶውስ ይነሣል፤ የሱ ፎልደር ደግሞ አልከፈት አለኝ። ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፤ ያው ነው። በመጨረሻ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የሱን ዲስክ አስቀደምኩትና ማሽኑ በሱ ተነሣ። ፎቶውም ተገኘ። ደስ አላለኝም፤ አላለቀስኩምም።

እማዬ ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር።

"የሱ ሲከፈት፣ አስማረ ራሱ ቀድቶ ባስገባው ድምፅ 'እማዬ፣ እንደምን ዋልሽ' ይል አልነበር? ዛሬ ምነው ዝም አለ?" አለችኝ።

ለቅሶ ቤት ሙዚቃ እንዳይሰማ ብዬ ስፒከሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ።

"እንጃ" አልኳት።

የስፒከሩ ገመድ እጄ አጠገብ ነበር። አልሰካሁትም።