አንድ መስመር፣ አንድ ማንኪያ

ሰኞ፣ ግንቦት 9 ቀን 1991

ዛሬ ሰባት ማንኪያ። ትናንት ዘጠኝ ነበር። ኡስታዝ ባቢክር እየቀነሱ ነው፣ መጽሐፉም እየቀነሰ ነው። ሃያ ስድስት ገጽ ቀርቶታል።

ኡስታዝ የአሠሪዬ የሲት ኢልሃም አባት ናቸው። ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምረዋል፤ አሁን ዓይናቸው ጠፍቷል። ካለፈው ወር ወዲህ ምግብ እምቢ ብለዋል። ልጃቸው ብትለምን፣ ሐኪም ቢቆጣ፣ አፋቸው ዝግ ነው። የሚከፈተው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። የጥንት መንግሥታትን ታሪክ የሚተርከውን መጽሐፋቸውን አነብላቸዋለሁ። አንድ መስመር ሳልሳሳት ከጨረስኩ አንድ ማንኪያ መዲዳ ይቀበሉኛል። ከተሳሳትኩ ገንፎው ይቀዘቅዛል። ውሉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ መምህር አይደሉ!

የእኔ ንባብ ደግሞ ጉድ ነው። የዐረብኛ ፊደል የቆጠርኩት ወሎ፣ በልጅነቴ ቁርኣን ስቀራ ነው። ድምፁን አወጣለሁ እንጂ የመጽሐፉ ዐረብኛ ግማሹ አይገባኝም። እሳቸው ይሰሙና በሰፈሩ ዐረብኛ ይተረጉሙልኛል። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ እዚህ ቤት ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ "ሥሪ" እና "አምጪ" ሳይሉ የሚያናግሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

"መጽሐፉ ሲያልቅ ትምህርቱ ኸላስ፣ አበቃ" ብለዋል። ሌላ መጽሐፍ የለም። መደርደሪያውን ምስጥ ጨርሶታል፤ ይቺ የተረፈችው ትራሳቸው ሥር ስለነበረች ነው።

ስለ እማዬ ዛሬም ለማንም አልተናገርኩም።

ማክሰኞ

አምስት ማንኪያ።

ሲት ኢልሃም ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ መጣች። እስከ ቅዳሜ በደንብ ካልበሉ ሆስፒታል ይገባሉ፣ በአፍንጫቸው ቱቦ ይደረጋል። ይህን የተናገረችው ከበሩ ውጭ ቢሆንም እሳቸው ሰምተዋል። ስትሄድ እጄን ይዘው "ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ሚስቴ ከዚያ በእግሯ አልወጣችም። እዚህ ልሙት" አሉኝ። ምን ልበል? "አብሽሩ" አልኩ። አብሽሩ ማለት ምን ይከብዳል።

ለማባበል የፈረሶቹን ምዕራፍ ደገምኩላቸው። የኩሽ ንጉሥ ግብጽን ወግቶ ሲያሸንፍ፣ በተማረከው ገዢ በረት ውስጥ ፈረሶቹ በረሃብ ከስተው ያገኛቸዋል። ከገዢው ዓመፅ ይልቅ የፈረሶቹ ረሃብ ያናድደዋል። ኡስታዝ ይህን ይወዱታል። "ታዲያ ንጉሡ ቢመጣና እርስዎን እንዲህ ቢያይ የሚቆጣው እኔን ነው" አልኳቸው። ሳቁ። በሳቁ መሃል አንድ ማንኪያ አስገባሁ፤ ከአምስቱ አንዱ የተሰረቀ ነው።

እንግዲህ ልጻፈው። እማዬ ሞታለች።

ባለፈው ዓርብ ሱቅ ዐረቢ ገበያ፣ የሃፍላ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነው የሰማሁት። የነገረችኝ የአገሬ ልጅ ሐዋ ናት፤ ከአገር ከመጣ ሰው ሰምታ። "ከድጃ፣ እናትሽ ካረፉ አርባቸው ወጥቷል" አለችኝና አለቀሰች። እኛ አገር መርዶ በማለዳ፣ ጎረቤት ቤቱን ከቦ፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው። እኔ የሽንኩርት ፌስታል ይዤ ቆሜ ነበር። በሰፈራችን የሚያልፈው አውቶቡስ ረዳት "ካላክላ! ካላክላ!" ይላል። ወንበር እንዳያመልጠኝ ተሳፈርኩ። እስካሁን እንባ አልመጣልኝም። ምን ዓይነት ልጅ ናት ወንበር የምትሻማ?

ረቡዕ

አራት።

ገጹን ላብዛው ብዬ ተንኮል ሞከርኩ። ወደኋላ ተመልሼ ስለ ኩሽ ከተማ ስለ ሜሮዌ ብረት ማቅለጫዎች ያለፈውን እንደ አዲስ ጀመርኩ። ሁለት መስመር አልሄድኩም። "ይህን አልፈሻል። ያለፈ ተማሪ ክፍል አይደግምም" አሉኝ።

እሺ ብዬ ወደፊት ሄድኩ። ከዚያ ገጹ መሃል ላይ "አክሱም" የሚል ቃል አየሁ። ከሥሩ "የሐበሻ ንጉሥ"። ከሥሩ "እሳት"። ሌላውን ዐረብኛ ባላውቅ ይህን አላጣውም። ወር ሙሉ የደከምኩባትን ከተማ፣ ከነንግሥቶቿ ከነከንዳካዎቿ፣ ከነእሳት ምድጃዋ፣ ከነቤተ መቅደሷ፣ ሊያቃጥላት የመጣው የእኔ አገር ሰው ነው። እንግዲህ ይህን በእኔ አፍ ላንብብላቸው? በቀኝ እጄ ማንኪያ ይዤ?

አራት ገጽ ዘለልኩ። አፈርኩ፣ ፈራሁም። ሐበሻ በዚህ ቤት ስንት ጊዜ በስሟ ትነሳለች፤ በተነሳች ቀን ደግሞ እሳት ይዛ! ደግሞም ሞት በቅቶኛል፤ የከተማም ቢሆን።

ኡስታዝ አራት ማንኪያ ቀምሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሰውነታቸው አልጋው ላይ እየጠፋ ነው፤ አንሶላውን ሳነጥፍ ሰው የተኛበት አይመስልም።

ሐሙስ

የሚያስጨንቁኝ፦ የቀረው ገጽ። የቅዳሜ መኪና። ነገ ሐዋ ካላክላ ያሉትን የወሎ ልጆች ሰብስባ ለቅሶ ልታስቀምጠኝ መሆኗ። ለቅሶ ተቀምጦ አለማልቀስ።

ጠዋት ገና መጽሐፉን ሳልከፍት፣ "ትናንት ንጉሥሽን ደበቅሽብኝ" አሉ።

ደነገጥኩ።

"ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩትን ገጽ ነው የዘለልሽው። ዓይኔ ቢጠፋ ይህ አልጠፋም" ብለው ግንባራቸውን ነኩ።

"አፈርኩ፣ ያ ኡስታዝ።"

"ያቃጠልሽው አንቺ ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"እንግዲያው አንብቢ። እሱ ሲመጣ ከተማይቱ ድሮ ታማ ነበር። ዛፉ አልቆ፣ ንግዱ ወደ ሌላ ዞሮ፣ ሰው እየተበተነ። ንጉሥሽ የደረሰው ለቀብሩ ነው። መምህር የሚዘለውን ገጽ ተማሪው ይሸከመዋል፤ ስለዚህ አይዘለልም።"

አነበብኩ። እሳቱንም፣ የተማረከውን ከብትም፣ የተወሰደውን መዳብም። እሳቸው በከንፈራቸው አብረውኝ ይላሉ፣ ከእኔ ይፈጥናሉ። ስምንት ማንኪያ! ሳህኑን ለሲት ኢልሃም ሳሳያት የተናገረችው "ኩዌስ፣ ጥሩ" ብቻ ነው፤ ግን ሁለት ጊዜ አለችው።

ደስታዬ እስከ ማታ አልቆየም። የዘለልኩት ተነበበ፣ ያልዘለልኩትም አብሮት አለቀ። አምስት ገጽ ቀረኝ።

ዓርብ

የዕረፍት ቀኔ ነው። ካላክላ አልሄድኩም። ሐዋ ትቀየመኛለች፣ እውነቷን ነው። የእናቷን ለቅሶ ለመዲዳ የተወች እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሰማዩ ቀይ ሆኗል፣ አቧራው መጥቷል። መስኮቱን በእርጥብ ጨርቅ ደፍኜ አነበብኩ። ያለኝን ብልሃት ሁሉ ተጠቀምኩ፤ ሳልኩ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ገጹን ቀስ ብዬ ገለጥኩ። አምስት ገጽ አምስት ገጽ ነው። መጨረሻው ላይ ከተማይቱ ባዶ ቀርታ አሸዋ ይለብሳታል፣ ከዚያ የሚቀጥል የለም።

ሦስት ማንኪያ። ከዚያ እጃቸውን ሽፋኑ ላይ አሳርፈው "ከድጃ አልፋለች" አሉ። ሁልጊዜ ማለፍ እመኝ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ወድቄ ብደግም ምናለ አልኩ።

እራት እምቢ። ሲት ኢልሃም ራሷ ሞከረች። "ያ አቡይ፣ ለእኔ ስትል" አለች። ጥርሳቸውን ነከሱ። ወደ ወጥ ቤት መጥታ ፊቷን ወደ ማቀዝቀዣው አዙራ አለቀሰች። እኔ በር ላይ ቆሜ ቀናሁባት። አባቷ ሳይሞት ታለቅሳለች፤ የእኔ እናት ሞታ እኔ ሳህን አጥባለሁ። ተስፋ ቆርጫለሁ። ይህን ቃል ጽፌው አላውቅም ነበር፤ ሲጻፍ ትንሽ ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 14

መኪናው ከዙሁር ሶላት በኋላ ይመጣል ተብሎ ነበር። ሲት ኢልሃም የሌሊት ልብሳቸውንና ጫማቸውን ቦርሳ ውስጥ አስገባች። ጫማው አስገረመኝ፤ ሊራመዱ ነው?

ለመጨረሻ ጊዜ መዲዳ ሠርቼ ገባሁ። ማንኪያውን ከንፈራቸው ላይ አስነካሁ። የለም።

"ትምህርት አልቋል" አሉ።

ያን ጊዜ ይህን ደብተር ከቀሚሴ ኪስ አወጣሁ። አስቤበት አይደለም። ሌላ የሚነበብ ነገር ስላልነበረኝ ነው። የሰኞን ከላይ ጀመርኩ፣ በአማርኛ። "ዛሬ ሰባት ማንኪያ።"

ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። "ይህ ምንድን ነው?"

"የእኔ አገር ቋንቋ ነው።"

"ቀስ በይ። አንዴ ደግመሽ በይው።"

ደገምኩ። ሞከሩት። "ሰባት" ላይ ቆሙና "በእኛ ሰብዓ ነው አይደል? ዘመዳችን ነው" ብለው ፈገግ አሉ። "ማንኪያ" ግን አስቸገራቸው። አረምኳቸው። እንደገና አሉት፣ እንደገና አረምኩ። በሦስተኛው ሲያገኙት አፋቸውን ከፈቱ። ውላቸውን አልረሱም፤ መስመር የሚያርመው እኔ ሆንኩ እንጂ ማንኪያው ያው ነው።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሰኞን ጨረስን። ማክሰኞ ገባን። ስለ ቱቦው፣ ስለ ፈረሶቹ። ምን እንዳሉ አያውቁም፣ ይላሉ ብቻ፤ እኔ በዐረብኛ ስንት ዓመት እንዳደረግኩት። ከዚያ ወደዚያች መስመር ደረስኩ። ልዝለላት ነበር። የሐሙሱ ትዝ አለኝ።

"እማዬ ሞታለች" አልኩ።

"እማዬ ሞታለች" አሉ ኡስታዝ።

አንድም አልሳቱም። በመጀመሪያው። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ግን የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ መርዶ የሚያረዳ ሽማግሌ ድምፅ። ማንኪያውን ማንሳት አቃተኝ። ስምንት ቀን የት እንደነበረ የማላውቀው እንባ መጣ፣ ድምፅም አብሮት መጣ።

"ምን አልኩ?" አሉ ደንግጠው። "ያ ቢቲ፣ ምን አስባልሽኝ?"

በዐረብኛ ነገርኳቸው። እናቴ መሞቷን፣ አርባዋ ካለፈ በኋላ መስማቴን፣ ፌርማታውን፣ ሽንኩርቱን።

ሁለት እጃቸውን፣ ማንሳት የማይችሉትን፣ ከአንሶላው ላይ ከፍ አድርገው መዳፋቸውን ዘረጉ። "አል-ፋትሓ" አሉ። እኔም ዘረጋሁ። ቀራን። ስናበቃ ፊታችንን አበስን፤ እኔ የማብሰው ብዙ ነበረኝ።

"እናትሽን ቀጥዪ" አሉና አፋቸውን ከፈቱ።

አሥራ አንድ ማንኪያ። ቀና ስል ሲት ኢልሃም ቦርሳውን ይዛ በር ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። ባዶውን ሳህን አየችና ወጣች። ኋላ በስልክ ስታወራ ሰማሁ፤ መኪናውን ለሰኞ አድርገውታል።

ሰኞ ምን እንደሚሆን አላህ ይወቅ። ሁለት ቀን ነው ያገኘነው፣ ጉልበታቸውም አልተመለሰም። ከጻፍኩት አምስት ቀን ውስጥ ሦስቱን ዛሬ በልተውታል። የቀረው ረሃባቸውን አይዘልቅም። ስለዚህ አሁን ቁጭ ብዬ የእማዬን ነገር ከመጀመሪያው እጽፋለሁ፤ የተወለደችበትን፣ ውሃ የቀዳችበትን፣ የተቆጣችኝን ሁሉ፣ በአጫጭር መስመር።