ለሁለት የተከፈለው ኪኒን

ዳንግላ፣ ጥር ፳፰ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለውዱ ገበየሁ፤ በሰው አገር ጤናህን የሚጠብቅልኝን አምላክ እያመሰገንኩ፣ እህትህ ይታይሽ በናፍቆት ሰላም እልሃለሁ።

ገብሱ በደህና ገብቷል። የጎረቤታችን ልጅ ያለምወርቅም ወደ ጥሊሊ ተድራለች።

አንተ ወዳለህበት አዲስ አበባ ወስደህ ያሳከምካቸው ጊዜ ሐኪሙ ለአባባ ያዘዘላቸው የልብ ኪኒን ተስማምቷቸው ነበር። ያ ደረታቸውን ይደበድብ የነበረው ልባቸው ረግቶ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ሳያርፉ ይወጡ ነበር። የጤና ጣቢያችን ድሬሰርም የሐኪሙን ወረቀት አንብቦ፣ "በድንገት እንዳያቋርጡት፤ ሕመሙ ብሶ ይመለሳል" ብሏቸዋል።

ለጊዮርጊስ ግን እንደየዓመቱ ፈረስ አልጫኑም። እንጅባራ ሄደው ከሴቶቹ ጋር ቆመው ጉግሱን አዩ።

ሰኞ ዕለት ኪኒኑን በቢላ ለሁለት ሲከፍሉት ደረስኩባቸው።

"ምነው አባባ?" አልኳቸው።

"ግማሹ ይበቃኛል። ልጁ ፈተና አለበት፤ ጽፈሽ ሐሳብ ላይ እንዳትጥይው" አሉኝ።

ብልቃጡን ባየው ስድስት ግማሽ ቀርቷል። ድሬሰሩን ብጠይቀው ይህ መድኃኒት ከአዲስ አበባ ካልመጣ እዚህ እንደማይገኝ ነገረኝ። አሁን ከጓሮ እስከ በር ሲመጡ ሁለት ጊዜ ይቀመጣሉ። ትናንት ደግሞ ፈረሳቸውን ለአጎታችን ለምህረቴ ሰጥተው፣ "ውዱ እስኪመጣ ጠብቅለት" አሉት።

ትምህርትህን ጣል አልልህም። ክረምት እመጣለሁ ያልከውን ግን ለቅበላ ብታደርገው ደስ ይለናል። ለበዓሉ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም።

አባባ በእጃቸው ሰላም ሊሉህ ብዕሩን ሁለት ጊዜ አንስተው አስቀመጡት። በእኔ እጅ ሰላምታቸውን ተቀበል።

መንገድህን የምታይ እህትህ
ይታይሽ ገበየሁ