ከግርግር ማምለጫው ወደ እኔ ደጅ ስለመሆኑ

ለተከበሩ የተራራው ብሔራዊ ፓርክ ሥራ አስኪያጅ ለሻይሎቤክ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ፣ ከብትዎስ፣ ፈረስዎስ? እኔ ከባለቤቴ ከቡርማካን መቃብር አጠገብ በበጋ ድንኳኔ የምኖረው ቱርዱማምቤት እስከ ሰኔ ድረስ ደህና ነበርኩ። ደብዳቤውን ሁሉም ሰው እንዲያነበው አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሰሌዳው አመሰግናለሁ። ፏፏቴው ጋ ሰው ስለበዛብዎት «ከግርግር ማምለጫ» አስጽፈው፣ ከነቀስቱ ወደ እኔ አዙረው አስተከሉት። ይኸው ሕዝቡ በሙሉ አመለጠ። አሁን ፏፏቴው ጋ ዝር የሚል የለም፤ ሁሉም እኔ ዘንድ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰሌዳው እንዲተከል ፈርመሃል ይሉኛል፤ አልክድም። እርስዎ የላኳት ሠራተኛ «አባታችን፣ የባለቤትዎን መቃብር ለማስጠበቅ ነው፣ እዚህ ጋ ብቻ!» አለችኝ። ሳላነብ የፈረምኩት ማንበብ አቅቶኝ አይደለም። እሷ እያየችኝ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ ማንበብ ስላልወደድኩ ነው።

ሦስተኛ፣ በደጃችን ያለፈ ሰው ዳቦ ሳይቀምስ እንደማይሄድ እርስዎም ያውቃሉ፤ እናትዎ ያሳደጉዎት እንዲያ ነው። እኔም ከጠዋት እስከ ማታ ዳቦ እቆርሳለሁ። አንዱ «ቅቤ የሌለበት የለም?» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት።

አራተኛ። ከሰዓት በኋላ መቃብሯ ጋ ቁጭ ብዬ ለቡርማካን ወሬ እነግራታለሁ፤ ማን እንደወለደች፣ የትኛዋ ላም እንደነጠፈች። ጮክ ብዬ ነው፤ ጆሮዋ ድሮም ከባድ ነበር። በቀደም አንድ ሰውዬ ካሜራውን ደግኖ «አባባ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልን፣ ሰው የሌለበት ፎቶ ነው የምንፈልገው» አለኝ። እንግዳ ነውና ዞር አልኩለት። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ቃል ልነግራት አልቻልኩም፤ ቁጭ ባልኩ ቁጥር ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ አለ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ያህል ተኮራርፈን አናውቅም።

ጸጥታን ለሕዝብ ለማዳረስ ስለደከሙ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ጎንበስ ያልኩት ወገቤን ስለሚያመኝም ነው።

አክባሪዎ፣
ቱርዱማምቤት፣ በገዛ እጁ የጻፈው

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ሰሌዳዎን አልነቀልኩትም፤ የመንግሥት ንብረት መንቀል ነውር ነው። ዞር ብቻ አደረግኩት። ቀስቱ አሁን የሚያየው ከጥዱ ጀርባ ያሠሩትን የእርስዎን የዕረፍት ቤት ነው። ቅዳሜ ጠዋት መስኮትዎ ሥር ጫጫታ ከሰሙ አይደንግጡ፤ ጸጥታ ፍለጋ የመጡ ናቸው። እኔ ያን ጊዜ ከባለቤቴ ጋር ወሬ ላይ ስለምሆን አልመጣልዎትም።