በላይኛው መንገድ በኩል

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ያልኩት እጄ ለምዶበት ነው፤ ተይው።

ከተማችን እንደተውሻት ናት። የግዛቱ ዋና ከተማ ትባላለች እንጂ፣ ከምክር ቤቱ ኮረብታ እስከ አሮጌው የግንብ በር ሻይሽ ሳይበርድ ትደርሻለሽ። ጠዋት ሠራተኛው በአውቶቡስ ይመጣል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይሄዳል። ከዚያ እኛና የድንጋዩ መንገድ እንቀራለን። በየግድግዳው ዓመተ ምሕረት የተቀረጸበት ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ሲበዛ ሰው እያነሰ ነው።

የኛም ቤት ሰሌዳ አለው። ከአራት ዓመት በፊት በቅርስ ቢሮው መዝገብ ያስገባሁት እኔው መዝጋቢው ነኝ። ደረጃው ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፣ የኋላው ግድግዳ ከተሠራ ጀምሮ አልተነካም፣ ድንቅ ነው ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ በስብሰባ ላይ አነበበው። አባባ ለጎረቤት ሁሉ እያሳየ ኮራ።

ከሰኔ ጀምሮ ግራ እግሩ አልታዘዝ ብሎታል። በዚያ ደረጃ ሰው ደግፎ ማውረድ አይቻልም። አምስት ወር ሙሉ ከላይኛው ክፍል አልወጣም። መስኮቱ ላይ ተቀምጦ አውቶቡሶቹን ይጠብቃል። ዛሬ አንዱ ቀረ ይለኛል፣ ዘመድ የቀረበት ያህል።

እንደጻፍኩልሽ ግንበኛው አይቶታል። የላይኛው ክፍል ወለል በኋላው ግድግዳ በኩል ከላይኛው መንገድ ጋር እኩል ስለሆነ፣ በዚያ በኩል በር ቢከፈት አባባ አንድም ደረጃ ሳይወርድ በዊልቸር ይወጣል። የሦስት ቀን ሥራ ነው፣ ፈቃዱን ግን ካንተው ነው የምጠብቀው ብሎ ሳቀብኝ። ቤቱ በስምሽ ነውና ማመልከቻውን አንቺ ስትልኪ፣ ቀሪውን ለኔ ተይው ብዬሽ ነበር።

አለቃዬ መልሱን አንተው ጻፈው አለኝ። ለአንዱ ከተፈቀደ ነገ መንገዱ ሁሉ በር በር ይላል አለ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። በሦስተኛው የራሴን የድሮ ቃል ገለበጥኩ። ግድግዳው ሳይነካ የቆየ በመሆኑ አይፈቀድም። ፈረምኩ። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው ይባል የለ።

አባባ ማን ፈረመ አለኝ። ቢሮው አልኩት። ፊቱን ከመስኮቱ ወደኔ መለሰ። ከዚያ፣ በል ለቢሮው ሻይ አፍላለት፣ ሲጽፍ ውሎ ደክሞታል አለኝ።

እትዬ፣ በዚህ ሳምንት ማኅተም ያለበት ፖስታ ይደርስሻል። ፊርማው የኔ ነው። ወንድሜ ነው ብለሽ እንዳታልፊው። በሠላሳ ቀን ውስጥ ለበላይ ኮሚቴ ይግባኝ ይባላል፤ የቢሮው ሰው ስለሆንኩ እኔ አልችልም፣ አንቺ ትችያለሽ። የሐኪሙን ወረቀት ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ይግባኝ በይብኝ። መዝጋቢው ስለ ግድግዳው ሁለት ገጽ ሲጽፍ፣ ከግድግዳው ውስጥ ስለሚኖረው ሰው አንድ መስመር አልጻፈም በይ። እውነት ነው፤ መዝገቡን ደግሜ አየሁት።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ትልቋን በርቺ በያት፣ መንታዎቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አባባ ከመስኮቱ ሆኖ ይመርቃችኋል።

ታናሽ ወንድምሽ
ከላይኛው ክፍል፣ ከአባባ አልጋ አጠገብ
ኅዳር 12 ቀን