ራጅ ያላየው አንገት

ጥቅምት 6
ጠዋት ፀጉር ቤቴ ሰው የለም። አንድ የዊንጌት ተማሪ ብቻ መጣ፤ ጎንና ጎኑን አንሳልኝ አለ፣ ሳነሳለት አኮረፈ። ከሰዓት አዲሱ ገበያ ወጥቼ ምላጭ ገዛሁ። ስመለስ ታክሲው ሰው ለማውረድ ቆሟል፣ እኔ ጋቢና ነኝ... ከኋላ ጓ! አንገቴ ወደ ፊት ሄዶ ተመለሰ። የገጨን ሰው ከማኪናው ወርዶ እየሮጠ መጣ። ሂሻም! ከፀጉር ቤቴ ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ። ከልጅነቱ ጀምሮ ፀጉሩን የማስተካክለው።
«ጋሼ ስብሐት፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?»
ሌላ ሰው ብሆን ይሻለው ነበር መሰለኝ። ትራፊኩ መጣ፣ ለካ፣ ጻፈ። አንገቴን ትንሽ ይዞኛል አልኩት። እሱንም ጻፈ። ምላጩን ታክሲ ውስጥ ረስቼዋለሁ።

ጥቅምት 7
ራሴን ከትራስ ማንሳት አቃተኝ። በሁለት እጄ ይዤ አነሳሁት። ሚስቴ የዓለምወርቅ አየችኝ።
«ምን እየሠራህ ነው?»
«እየተነሳሁ።»

ጥቅምት 9
ሐኪሙ ወጣት ነው። ራጁን መብራት ላይ ሰቅሎ ብዙ አየው።
«አባት፣ አጥንትዎ ንጹሕ ነው።»
ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ታዲያ የሚያመኝ ምኑ ነው? ጡንቻውና ጅማቱ ነው አለ፤ ራጅ ላይ አይታይም። አንገቴ ወደ ቀኝ አይዞርም። ቀኝ እጄ ከትከሻ በላይ ከሄደ ይደነዝዛል። ሥራዬን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ከባድ ነገር አያንሱ አለኝ። ያችን የፀጉር ማሽን እንኳ እስከ ሰው ራስ ማንሳት አቅቶኛል። እጄ ካልሠራ ቤታችን በምን ሊኖር ነው?

ጥቅምት 25
ሂሻም ዛሬም ሊስተካከል መጣ። ይኼ ሰው ምን ያህል ፀጉር ነው ያለው? ክርኔን በግራ እጄ ደግፌ ሠራሁለት። መስታወቱን አየ... ቆየ... «እጅዎ ይባረክ» አለ። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።
የማኪናው ኢንሹራንስ ሊክሰኝ ይገባል ይላል። ማመልከቻውን ራሱ አስገብቷል። ገጭቶኝ ለእኔ ይሟገታል፤ ምን ልበለው?

ኅዳር 20
የጽዮን ዋዜማ። አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው መጣ። አላውቀውም። ፀጉርም ጺምም ይላል። አሞኛል ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በበዓል ዋዜማ ሰው እንደ ጎፈሬው ይመለስ? ከዚህ ወንበር ማንንም መልሼ አላውቅም። ጥርሴን ነክሼ፣ ቀስ እያልኩ፣ እያረፍኩ ሠራሁለት። ላብ አጠመቀኝ። ሰውየው በጣም አመሰገነ፣ ቲፕም ጨመረ። ማታ ቀኝ እጄ እምቢ ብሎ የዓለምወርቅ አጎረሰችኝ።

ኅዳር 21
ሂሻም መጣ። እንደምንም ሠራሁት።

ኅዳር 27
ከሂሻም ጋር ኢንሹራንስ ቢሮ ሄድን። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ የዋዜማው ሰውዬ። ፀጉሩ አሁንም አምሮበታል።
«አባት፣ ራጁ ንጹሕ ነው። እጅዎንም በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። በጣም ደህና ነው።»
ሥራዬ ቢሮ ውስጥ ሲመሰገን ይኼ የመጀመሪያው ነው። አፈርኩ። አስመሳይ ነው ማለቱ እኮ ነው። እንዳልችል እያወቅኩ ለምን አልችልም አላልኩትም? በራሴ በጣም ተናደድኩ።
ሂሻም ተነሳ። ኮፍያውን አወለቀ።
«አንተን በሠሩ በማግስቱ የሠሩኝ ነው» አለው።
ዞር ብሎ አሳየው። ከቀኝ ጆሮው በላይ አይጥ የበላው ነው የሚመስለው። እኔ ሳስተካክለው እንዲህ አልታየኝም ነበር። ወይስ ማየት አልፈለግኩም?
«ሀያም ቤት ውስጥም ኮፍያህን አታውልቅ ብላኛለች» አለ። ሚስቱ ናት።
ሰውየው የሂሻምን ራስ አየ፣ የራሱን ፀጉር ዳበስ አደረገ። «እ... በቃ፣ ለሐኪሞች ቦርድ እንላክዎት» አለ።
ውጭ ስንወጣ ለምን አልነገርከኝም አልኩት።
«የገጨሁዎት እኔ፣ ምን አፍ አለኝ ጋሼ?»
ሳቅሁ። ከዚያ እንባዬ መጣ። ሂሻም ኮፍያውን መልሶ አደረገ።

ጥር 16
ቦርዱ ጉዳቱ እውነት ነው አለ። ካሳው ይከፈላል። እጄ ግን እንደ ድሮው አይሆንም። ሁለቱንም በአንድ ቀን ሰማሁ።
ፀጉር ቤቱን እንዝጋው አልኳት። የዓለምወርቅ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።
«ለምን ይዘጋል? አስተምረኝ።»

የካቲት 2
ሂሻም ራሱን ለመማሪያ ሰጠ። ከዚህ በላይ አይበላሽም አለ። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እናገራለሁ፣ እሷ አትሰማኝም። ሲያልቅ ከእኔው ተሻለ። ኮፍያውን በኪሱ ከትቶ ወጣ።

የካቲት 23
ደንበኞች ለመዱ። አንድ ሽማግሌ ብቻ በሴት እጅ አልላጭም ብለው ሄዱ፣ ጺማቸው ሲያሳክካቸው ተመለሱ።
ዛሬ ሰው ሲቀር ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። በዚህ በኩል ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። የዓለምወርቅ ጨርቁን አንገቴ ላይ አሰረች፣ ግራውን ጨረሰች።
«ወደ ቀኝ ዙር» አለችኝ።
«አይዞርም።»
ወንበሩን ዞራ እሷ መጣች።