በሶውን አላውቀውም ያልሁ ዕለት

ለምወድዎትና ለማከብርዎት እናቴ ለወይዘሮ ሙሉ፤ ገሳይ።

ከተለየሁዎት ወዲህ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎን የሚይዝዎት ቁርጥማት እንዴት አደረገዎት? የጉና ብርድ ጠና ወይስ ለቀቅ አለ? ጦሙንስ እንዴት ይዘውታል? እርስዎ ታመምሁ ብለው ውኃ እንኳ ከሰዓቱ በፊት እንደማይቀምሱ ስለማውቅ ሐሳቤ ከእርስዎ ላይ ነው። ወንድሜ ካሳው፣ እህቴ እመቤት፣ ከብቶቹስ ደህና ናቸው? እኔ ሥጋዬ ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከጉባኤው በኋላ የሁለት ወር ሥልጠና ስላለኝ እዚህ ናይሮቢ እቀራለሁ። ጥሩወርቅ ግን ነገ ስለምትመለስ ይህን ደብዳቤ በእጇ እልክልዎታለሁ። ሥጋዬ ደህና ነው ማለቴን ልብ ይበሉልኝ። ልቤ ደህና አይደለም። የሆነውን ከሰው አፍ ከሚሰሙት ከኔው ይስሙት ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ከጤና ጣቢያችን እኔና ጥሩወርቅ ለአዋላጆች ጉባኤ ስንጠራ የነበረውን ደስታ ያውቁታል። ከውጭ ለሚመጡ እንግዶች የተላከው የጉዞ መመሪያ በእንግሊዝኛ ስለነበር፣ እቤት ቁጭ ብለን እየተረጎምሁ ያነበብሁላችሁ እኔ ነበርሁ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ፣ የቧንቧ ውኃ አትጠጡ፣ ገንዘብ መንገድ ላይ አትመንዝሩ፣ የሰው ዕቃ አትቀበሉ፣ ምግብ ከያዛችሁ ለፈታሽ ተናገሩ ይል ነበር። እርስዎም ከመደቡ ላይ ሆነው እየሰሙ «እግዜር ይስጣቸው፣ እንደ እናት ነው የመከሩ» አሉ። ወዲያው ግን ተነሥተው «የሰው አገር የኛን ጦም አያውቅም፤ ርቧችሁ እንዳትወድቁብኝ» ብለው የገብሱን በሶ በላስቲክ ቋጥረው ከሻንጣዬ ከተቱት። «ለሁለታችሁ ነው» አሉን። ጥሩወርቅ ጉልበትዎን ስማ ተመረቀች።

ናይሮቢ የገባነው በማለዳ ነው። ጥሩወርቅ በዚያው ዕለት ጠዋት ንግግር እንድታደርግ ተመድባ ነበር። ምጥ የያዛቸው ሴቶች ከጉና ግርጌ በቃሬዛ እስኪደርሱ የሚያዩትን አበሳ ነበር የምትናገረው። አውሮፕላኑ ላይ እንኳ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስታጠና ነው የመጣችው። አየር ማረፊያው ፍተሻ ላይ ከኛ ጋር የተሰለፉት የጉባኤው እንግዶች ከየአገሩ የመጡ ሐኪሞች ነበሩ፤ ልብሳቸው የተተኮሰ፣ አነጋገራቸው ረጋ ያለ። እኔም እነሱን ለመምሰል አንገቴን አቅንቼ ቆሜያለሁ። ፈታሿ ሴት ሻንጣዬን ከፈተችና የእርስዎን ቋጠሮ በሰው ሁሉ ፊት ብድግ አደረገችው። ላስቲኩ ላልቶ ኖሮ ዱቄቱ ከጠረጴዛው ላይ በነነ። ከኋላዬ ሰው ሲስቅ ሰማሁ። በኔ ይሳቅ በሌላ እስካሁን አላወቅሁም።

«ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ ፈታሿ። እናቴ፣ «በሶ ነው፤ እናቴ ናቸው የሰጡኝ» ማለት ምን ይከብዳል? እኔ ግን ፊቴ እሳት ሆነና «አላውቀውም። አንዲት የገጠር ሴት ለሰው አድርሺልኝ ብላ የሰጠችኝ ነው» አልሁ። «ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ?» ብትለኝ «አላውቃትም» አልሁ። ጴጥሮስ እንኳ ጌታውን የካደው ሞት ፈርቶ ነው። እኔ የፈራሁት የሰው ዓይን ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለስ አልሆነልኝም። ያ መመሪያ የሰው ዕቃ አትቀበሉ ያለው ለካ ለዚህ ኖሯል። የማያውቁትን ዱቄት ከማያውቁት ሰው ተቀብሎ ድንበር ማሻገር ምን እንደሚያስጠረጥር ያን ጊዜ ገባኝ። ፈታሿ ፊቷ ተለወጠና ሁለት ሰዎች ጠራች። ይኼኔ ጥሩወርቅ፣ እኔ ያልሁትን ሳትሰማ፣ ከሰልፉ ወጥታ መጣች። «የገብስ ዱቄት ነው፤ እናቷ ናቸው ለሁለታችን የሰጡን፤ ሲቋጥሩት አይቻለሁ» አለች። ቃላችን ሁለት ሲሆንባቸው ሁለታችንንም ወስደው ለየብቻ አስቀመጡን። እውነቱን በመናገሯ የተጠረጠረችው እሷ ሆነች።

ብዙ ቆይተው አገናኙን። ቋጠሮው ተፈትቶ ከመካከላችን ተቀምጧል። ጥሩወርቅ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። አንድ ቃል እንድተነፍስ እያየች ጠበቀችኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ያን ጊዜ እጇን ሰደደችና ከበሶው ዘግና ቃመችው። ሰዎቹ ጮኹ፤ አንዱ ክንዷን ያዘ። እሷ ግን ዓይኗን ከኔ ሳትነቅል አላመጠች። የጦም ሰዓቱ ገና ነበር፣ እናቴ። ከልጅነቷ ጀምራ ሁዳዴን ያላጎደለች ልጅ በኔ ውሸት ጦሟን ገደፈች።

ያን ሳይ መቻል አቃተኝ። «የኔ ነው! ገብሱን ቆልተው ያዘጋጁት እናቴ ናቸው!» ብዬ አለቀስሁ። ፈታሿ «ታዲያ ለምን ዋሸሽ?» አለችኝ። «አፍሬ ነው» አልኋት። «በምን?» አለች።

ምግብ መሆኑ ተመርምሮ ሲታወቅ ለቀቁን፤ ክፉም አልተናገሩን። በሶውን ግን ሳንናገር ስላስገባነው ከቆሻሻ ጋር ጣሉት፤ በዓይኔ አየሁት። ጉባኤው ስንደርስ የጥሩወርቅ ስም ተጠርቶ፣ ስትጠፋ ወደ ሌላ ተናጋሪ አልፈዋል። በመጨረሻው ቀን፣ ግማሹ ሰው ሻንጣውን ሊሸክፍ ሄዶ ሳለ፣ ጥቂት ደቂቃ ሰጧት። ለባዶ ወንበር ተናገረች። ስትጨርስ ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብሁ እኔ ነኝ፤ ጭብጨባዬም አሳፈረኝ።

በፍተሻው ዕለት ማታ ማረፊያችን ውስጥ «ንግግሬ ቀረ ብዬ አይደለም» አለችኝ። «እኒያ ሰዎች ደጋግመው ሲጠይቁኝ ‹እናቷ ናቸው፣ እናቷ ናቸው› እያልሁ ስምል ዋልሁ። የእናትሽ ልጅ መሆንሽን የማስረዳው እኔ ልሁን?» ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፈትሁ፤ ቃሉ ግን አልወጣልኝም። ከዚያ ወዲህ ክፉ ቃል ወጥቷት አያውቅም፤ ጠዋት ታነቃኛለች፣ ሻይ ታቀርብልኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የሥራ ባልደረባችን ማሬ በመጪው ዓመት ተራዋ ነውና እንዲህ ይበሉልኝ። የክትባት ካርዷን ከትልቁ ሻንጣ ሳይሆን ከእጅ ቦርሳዋ ታድርገው። ጠዋት ጠዋት እዚህም ስለሚበርድ ሹራብ ትያዝ። የጦም ምግብ እንደምትፈልግ አስቀድማ ትጻፍላቸው፤ ጎመንና የበቆሎ ገንፎ ያቀርባሉ፣ አይከፋም። ምግብ ከያዘች ሳትጠየቅ ታሳይ። ምንድን ነው ሲሏት ስሙንና የሰጣትን ሰው በሙሉ አፏ ትናገር።

ይህን እየጻፍሁ ሳለ ጥሩወርቅ መጣችና «አታሽጊው፤ የማላውቀውን ዕቃ አልይዝም» አለች። ቀልድ ይሁን ምሬት ከፊቷ መለየት አቃተኝ። «ማን ያነብላቸዋል?» አለችኝ። «ካሳው ነዋ» አልኋት። «እኔ አነብላቸዋለሁ» አለች። እንግዲህ ይህን የሚሰሙት በእሷ ድምፅ ነው። ጦሟን የገደፈችበትን ስፍራ ይሉኝታ ይዟት ዘልላው ከሆነ፣ ተመልሳ ታንብብልዎት።

ካሳውን ሰላም ይበሉልኝ፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይሳምልኝ። የእመቤትን ጉንጮች ይሳሙልኝ። ጋሼ ይሻውን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ። ለታመሙት ጎረቤታችን ለእትዬ አበበች እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድላቸው። እርስዎን ደግሞ መጥቼ እግርዎ ላይ እስክወድቅ ድረስ፣ እርግማንዎን ይያዙልኝ።

የቀረችው ሰላምታ ለምታነበው ነው። ፊት ለፊቷ ሆኜ ማለት ያቃተኝን እዚህ ጻፍሁት፤ እርስዎ እየሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብበው። ጥሩወርቅ፣ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ።

ልጅዎ ስርጉት

ናይሮቢ፤ መጋቢት 14 ቀን 2006 ዓ.ም.